አርሴናል ኦልድ ትራፎርድ ሳይደርስ የተሸነፈበት ክረምት

የኳስ ደጋፊ ክረምት ላይ ያርፋል የሚል ሰው ካለ እሱ ደጋፊ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግንቦት ላይ ተጠናቆ ነሐሴ ላይ እስኪከፈት ሜዳው ቢዘጋም ጨዋታው አይቆምም። ማን ይሄዳል? ማን ይመጣል? አምበሉ ይቆያል ወይስ ሻንጣውን አዘጋጅቷል? ከተከላካዮቹ መካከል ጉዳት ላይ ያለው ማነው? የአዲስ አበባ ደጋፊ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ የኤፍ.ኤም. ስፖርት ፕሮግራም ይሰማል፣ ከዚያም ዝናቡን ተጠልሎ ካፌ ውስጥ አሥራ አንድ ስም ወረቀት ላይ ይደረድራል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይደረድራል። አሰልጣኙ ከሚያወጡት አሰላለፍ ይልቅ ማኪያቶ እየተጠጣ የተሠራው የሚሻልበት ጊዜም አለ። ቢያንስ ተከላካይ አይረሳም።

በዚህ ሥራ ደግሞ የአርሴናልን ደጋፊ የሚያህል የለም። የቼልሲና የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ ክረምት ሲገባ “ማንን እንገዛ ይሆን?” እያለ ሲጓጓ፣ በእነዚያ ዓመታት የመድፈኞቹ ደጋፊ “ማንን ይወስዱብን ይሆን?” እያለ ነበር የሚያድረው። በ2005 ፓትሪክ ቪዬራ ወደ ጁቬንቱስ፣ በ2007 ቲየሪ ሄንሪ ወደ ባርሴሎና፣ በ2008 ማቲው ፍላሚኒ ወደ ኤሲ ሚላን፣ በ2009 ደግሞ አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ ተከታትለው ወደ ሲቲ ሲሄዱ ያየ ሰው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቢሸበር አይፈረድበትም (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከእነዚያ ክረምቶች ሁሉ ግን የ2011ዱን የሚስተካከል አልተገኘም። ዛሬም ድረስ የማንቼ ደጋፊ የአርሴናል ደጋፊን አፍ ማስያዝ ሲፈልግ ሌላ ነገር አይናገርም። ስምንት ጣቱን ያነሳል፣ በቃ። ኦገስት 28 ቀን 2011 በኦልድ ትራፎርድ የተመዘገበው 8 ለ 2 ከ1896 ወዲህ አርሴናል የገጠመው ከባዱ ሽንፈት ነበር። በዚያ ዓመት ላፍብሮ ታውን የሚባል ክለብ 8 ለ 0 ረትቶት ነበር። ስለ ዘጠና ደቂቃው ብዙ ተብሏል፣ ተተንትኗል፣ ተቀልዷል። ብዙም የማይነገረው ቡድኑ ወደዚያ ሜዳ የሄደበት መንገድ ነው። ያንን ለማየት ወደ ኋላ፣ ወደ ዝግጅቱ ወራት መመለስ ያስፈልጋል።

ሁሉም የሚያውቀው ጉድለት

የ2010/11 የውድድር ዘመን እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ለአርሴናል መልካም ነበር ማለት ይቻላል። ፌብሩዋሪ 16 ባርሴሎናን በኢምሬትስ 2 ለ 1 ሲረታ ደጋፊው ሰማይ ነክቶ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ በዌምብሌይ የካርሊንግ ካፕ ፍፃሜ ከበርሚንግሃም ጋር ተገናኘ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ግብ ጠባቂው ሼዝኒና ተከላካዩ ኮሺዬልኒ ኳሱን አንተ ያዘው፣ አንተ ምታው ሲባባሉ ከመካከላቸው አመለጠቻቸው። ኦባፌሚ ማርቲንስ ባዶ ግብ ውስጥ ጨመራት፤ 2 ለ 1። ከዚያ በኋላ የሆነው መንሸራተት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቻምፒየንስ ሊግም ከኤፍ.ኤ.ካፕም ወጣ፤ ሊጉንም በ68 ነጥብ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፎ ከወሰደው የኤፍ.ኤ.ካፕ በኋላ ያለ ዋንጫ ስድስት ዓመት ሞላው።

ደጋፊው ጉድለቱን ለማወቅ የአሰልጣኝነት ኮርስ አላስፈለገውም። ኒውካስል ላይ እስከ እረፍት 4 ለ 0 መርቶ 4 ለ 4 የወጣ ቡድን ምን እንደሚጎድለው ይታወቃል። በሊቨርፑል ጨዋታ በ98ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት መሪ ሆኖ በ102ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ የሆነ ቡድንም እንዲሁ። የማዕዘን ምት በተሰጠ ቁጥር የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ ግማሽ ዓይኑን ይሸፍን ነበር። ቶማስ ቬርማለን በቁርጭምጭሚቱ ጅማት ጉዳት ያንን የውድድር ዘመን ከሞላ ጎደል ሳይጫወት አሳልፏል። በበር በኩል ጉዳት ሲደራረብ ደግሞ ቬንገር የ41 ዓመቱን የንስ ሌህማንን ከጡረታ ጠርተው ብላክፑል ላይ አሰልፈውታል። በእርግጥ አርሴናል ያን ቀን 3 ለ 1 አሸንፏል፤ ሌህማንም አላሳፈረም። ግን አንድ ትልቅ ክለብ መጋቢት ወር ላይ ጡረተኛ ግብ ጠባቂ ፍለጋ የሚወጣ ከሆነ የተጫዋቾች ዝርዝሩ ሲዘጋጅ የተረሳ ነገር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሊጉ ሲዘጋ የደጋፊው ጥያቄ ቀላል ነበር። አንድ ቁመተ ረጅምና ልምድ ያለው የመሐል ተከላካይ፣ አንድ ተከላካይ አማካይ፣ ቫን ፐርሲ ሲጎዳ የሚተካው አጥቂ። ክለቡ በበኩሉ የቲኬት ዋጋ ላይ 6.5 በመቶ መጨመሩን አስታወቀ። ለንደን ያለው ደጋፊ ከኪሱ ነው የሚከፍለውና ጩኸቱ ከፍ አለ። እዚህ ያለው ደግሞ የሚከፍለው ለዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ ስለሆነ በነገሩ ቢስቅም ስጋቱ ግን ያው ነበር፤ ገንዘቡ ካለ ተከላካዩስ የት አለ?

የውሉ ሒሳብ

በዚያ ክረምት ሦስት ስሞች ነበሩ በየካፌው የሚነሱት፤ ፋብሪጋስ፣ ናስሪ፣ ክሊሺ። ሦስቱ ጉዳያቸው አንድ ይምሰል እንጂ አንድ አልነበረም።

ጋኤል ክሊሺና ሳሚር ናስሪ ውላቸው ሊያበቃ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀራቸው። ይህ ለማንም ክለብ ከባድ ፈተና ነው። ዛሬ ካልሸጥከው በሚቀጥለው ክረምት በነፃ ይሄዳል። ፍላሚኒ በ2008 ያለ አንድ ሳንቲም ሚላን መግባቱ አልተረሳም። ክሊሺን ማንቸስተር ሲቲ ገና ሐምሌ ሳይጋመስ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ወሰደው። ከኢንቪንሲብሎቹ፣ በ2003/04 ያለ ሽንፈት ሊጉን ካነሳው ስብስብ ውስጥ፣ እስከዚያ ድረስ ሳይወጣ የቆየው እሱ ነበር። በ2010/11 ስህተቶቹ በዝተው ስለነበር ብዙ ደጋፊ “ይሂድ፣ ጊብስ አለን” አለ። ኪራን ጊብስ አለ፤ ግን ጊብስ ሜዳ ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ፣ የሕክምና ክፍል ውስጥ የሚታየው ደግሞ ዘወትር ነበር። ከክሊሺ ሌላ ለግራ መስመር የቀረው አርማን ትራኦሬ ነው። ይህን ስም ልብ ይሏል፤ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ይመጣል።

ሴስክ ፋብሪጋስ ግን ሌላ ነው። ውሉ ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር። ሆኖም ባርሴሎና በ2010 ክረምትም ጠይቆት አርሴናል እምቢ ብሎ መልሶታል። ልጁ ካደገበት ከተማ፣ ከልጅነት ጓደኞቹ ቡድን የመጣ ጥሪ ነው፤ በመጨረሻ እንደሚሄድ ያላወቀ ደጋፊ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የሚነሳው። እንደሚሄድ ዓመት ሙሉ እየታወቀ ተተኪው ለምን አልተዘጋጀም? ፋብሪጋስን መሸጥ አይደለም ጥፋቱ። የልቡ ሌላ ቦታ ያለን አምበል ይዞ መቆየትም የራሱ ጣጣ አለው። ጥፋቱ የሚሸጥበትን ቀን ለባርሴሎና መተዉ ነው።

ቬንገር በእስያ ጉዞ ላይ ሳሉ ለጋዜጠኞች የሰጡት አስተያየት ደግሞ ራሳቸውን መልሶ ያገኘ ሆነ። ፋብሪጋስንም ናስሪንም በአንድ ክረምት የሚያጣ ክለብ ትልቅ ክለብ ነኝ ብሎ ማንንም ማሳመን እንደማይችል ነበር የተናገሩት። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ፋብሪጋስ በኦገስት 15 ወደ ባርሴሎና፣ ናስሪ በኦገስት 24 ወደ ሲቲ መሄዳቸው ነው። ናስሪ ከአራት ቀን በፊት ከሊቨርፑል ጋር በአርሴናል ማሊያ ሲጫወት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሌላ የ25 ተጫዋቾች ሕግ አለ። ከ2010/11 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ 25 ተጫዋቾችን ብቻ እንዲያስመዘግብ፣ ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ ያደጉ እንዲሆኑ ወስኗል። የሚያስቀው ነገር ስፔናዊው ፋብሪጋስና ፈረንሳዊው ክሊሺ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ስለቆዩ እንደ አገር ውስጥ ልጅ ነበር የሚቆጠሩት። ሁለቱ ሲወጡ ጎሉ ብቻ ሳይሆን የዝርዝሩ ሒሳብም ተነካ። ከ21 ዓመት በታች ያሉት ግን ያለ ገደብ ይሰለፋሉ። ቬንገር ልጆችን ይወዳሉ፣ ሕጉም ልጆችን ይፈቅዳል። የደጋፊው ሆድ እዚህ ጋ ነበር ባር ባር የሚለው።

ከኩዋላ ላምፑር እስከ ሊዝበን

የዝግጅት ጨዋታ ውጤት አይታመንም ይባላል፤ እውነት ነው። ማሌዥያ ላይ 4 ለ 0 ማሸነፍ ማንንም አያኮራም፤ ቻይና ውስጥ ከሃንግዡ ጋር 1 ለ 1 መውጣትም ማንንም አያሳዝንም። ኮሎኝ ላይ አዲሱ ኮትዲቯራዊ ጀርቪንሆ ሁለት ሲያገባ ግን ደጋፊው ወዲያው ሞቀ። ልጁ ከፈረንሳዩ ሻምፒዮን ሊል የመጣ ነው፤ ይሮጣል፣ ያታልላል። “ዘንድሮ እናያለን!” የሚለው ዓመታዊ ዝማሬም ተጀመረ።

በነገራችን ላይ በዝግጅት ጨዋታ ተስፋ መስከር የአርሴናል ደጋፊ የቆየ አመል ነው። በ2013 የእስያ ጉዞ ላይ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው የ16 ዓመቱ ጌዲዮን ዘላለም ተቀይሮ ገብቶ ኳስ ሲያከፋፍል አዲስ አበባ ምን ያህል እንደተደሰተች የሚያስታውስ ያስታውሳል። ገና ትምህርት ቤት መሆን ያለበትን ልጅ የፋብሪጋስ ወራሽ ያደረገው ብዙ ነው። ጌዲዮን በጃንዋሪ 2014 ከኮቨንትሪ ጋር በኤፍ.ኤ.ካፕ ተቀይሮ ሲገባ ቬንገር አሰልጣኝ ከሆኑ በኋላ ተወልዶ ለአርሴናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆኗል። በሊጉ ጨዋታ ግን ለመድፈኞቹ ሳይሰለፍ ነው የወጣው።

ወደ 2011 እንመለስ። ለሚያይ ሰው ምልክቱ የመጣው በኢምሬትስ ካፕ ነው። ከቦካ ጁኒየርስ ጋር 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 2 ወጣ። በማግስቱ ሄንሪ ኒውዮርክ ሬድ ቡልስን ይዞ ወደ ቀድሞ ቤቱ መጣ፤ አርሴናል ቀድሞ አግብቶ በራሱ ተጫዋች ግብ 1 ለ 1 ሆነ፤ ዋንጫውንም እንግዳው ወሰደው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚሁ ጨዋታ ጃክ ዊልሼር ቁርጭምጭሚቱን መጎዳቱ ነው። መጀመሪያ ቀላል ነው ተባለ። ልጁ ያንን የውድድር ዘመን ሙሉ አልተጫወተም፤ የተመለሰው በኦክቶበር 2012 ነው። ሳምንት ቆይቶ ሊዝበን ላይ ቤንፊካ ከኋላ ተነስቶ 2 ለ 1 አሸነፈ።

ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ጊዜ መሪነት፣ አንድም ድል የለም። ይህ የዕድል ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የኒውካስሉ 4 ለ 4 በሽታ ነው እንደገና የታየው፤ ኳስ መያዝ የሚችል፣ ውጤት መያዝ የማይችል ቡድን። ቬንገር ግን በዚያን ጊዜ ገበያ ወጥተው የገዙት ኦክስሌድ ቻምበርሌይንን ነው። ከሳውዝሃምፕተን የመጣ የ17 ዓመት የክንፍ ተጫዋች። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቻርልተን የ19 ዓመቱን ካርል ጄንኪንሰንን አምጥተዋል። ሁለቱም ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ጄንኪንሰን ራሱ ከልጅነቱ የአርሴናል ደጋፊ ነበር። ግን ደጋፊው ተከላካይ ሲል ደጋፊ ግዙልኝ ማለቱ አልነበረም።

ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፊል ጆንስን ማንቸስተር ዩናይትድ ገና በጁን ወሰደው። ጋሪ ኬሂል ከቦልተን ይመጣል ሲባል ክረምቱ አለቀ፤ እሱ በጃንዋሪ 2012 ቼልሲ ገባ። ስሙ ከመድፈኞቹ ጋር ሲነሳ የከረመው ኹዋን ማታም ቼልሲ ነው የሄደው።

ፍልሰታ ላይ የተጀመረ ሊግ

ሊጉ እዚህ በፍልሰታ ጾም መካከል ተጀመረ፤ ለአርሴናል ደጋፊ ጾሙ ከኳሱም ሆነ። ኦገስት 13 ኒውካስል ላይ 0 ለ 0፤ ጀርቪንሆ ከጆይ ባርተን ጋር ተጋጭቶ በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ቀይ ካርድ አየ፤ አሌክስ ሶንግም ተጫዋች በመርገጡ በኋላ የሦስት ጨዋታ ቅጣት ተጣለበት። በሳምንቱ ኢምሬትስ ላይ ፍሪምፖንግ በቀይ ወጥቶ ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸነፈ። በመሐል ከኡዲኔዜ ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ነበር። በመልሱ ጨዋታ ሼዝኒ የዲ ናታሌን ፍፁም ቅጣት ምት ባያድን ኖሮ የዚያ ክረምት ታሪክ ከዚህም የከፋ ይሆን ነበር። በደርሶ መልስ 3 ለ 1 አልፈዋል፤ ለዚያ ቡድን ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ከዚያ እሑድ መጣ፤ በእኛ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም.። የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ቀድሞ የገባ ደጋፊ በመጀመሪያ ያየው ቶተንሃምን ከሲቲ ነው። ለሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ናስሪ ሦስት የግብ ኳሶችን አቀብሎ ሲቲ 5 ለ 1 አሸነፈ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቶተንሃም አምስት ሲገባበት የአርሴናል ደጋፊ ቡና ይጋብዝ ነበር። ያን ቀን ግን ኳሱን የሚያቀብለው ናስሪ ነውና ሳቁ ጉሮሮ ላይ ቆመ።

ምሽት 12 ሰዓት ላይ አሰላለፉ ወጣ። ሼዝኒ፤ ጄንኪንሰን፣ ጁሩ፣ ኮሺዬልኒ፣ ትራኦሬ፤ ኮክላን፣ ራምሴይ፣ ሮዚስኪ፤ ዋልኮት፣ ቫን ፐርሲ፣ አርሻቪን። ቬርማለንና ዊልሼር ተጎድተዋል፤ ሳኛ ታሟል፤ ሶንግ፣ ጀርቪንሆና ፍሪምፖንግ ቅጣት ላይ ናቸው። ፍራንሲስ ኮክላን በሊጉ ሲሰለፍ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ቦታው ከሩኒ ፊት ለፊት። የቀኝ መስመሩ ጄንኪንሰን ከአንድ ዓመት በፊት በሦስተኛው እርከን ሊግ ነበር፤ የግራው ትራኦሬ ክለቡ ሊሸጠው የተዘጋጀ ተጫዋች ነው። ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ያሉትን አንዳንዶቹን ደጋፊውም በስም አያውቃቸውም።

ዌልቤክ በ22ኛው ደቂቃ ጀመረ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወዲያው የመጣው ዕድል ነው፤ አርሴናል ፍፁም ቅጣት ምት አግኝቶ ቫን ፐርሲ መታው፣ ደ ኼያ አዳነው። ያቺ ኳስ ብትገባ 1 ለ 1 ነበር። ከዚያ ያንግ፣ ሩኒ በቅጣት ምት፤ ዋልኮት ከእረፍት በፊት አንድ መለሰ። እስከ 64ኛው ደቂቃ ድረስ ውጤቱ 3 ለ 1 ነበር፤ ያሳፍራል እንጂ ለታሪክ የሚቀር አልነበረም። ከዚያ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሩኒ፣ ናኒና ፓርክ ሦስት ጨመሩ። ቫን ፐርሲ አንድ አገባ፤ ጄንኪንሰን በሁለት ቢጫ ወጣ፤ ሩኒ በፍፁም ቅጣት ምት ሰባተኛውን፣ ያንግ በጭማሪ ሰዓት ስምንተኛውን አስቆጠሩ። ከሜዳው ጥግ ያሉት የአርሴናል ተጓዥ ደጋፊዎች እስከ መጨረሻው ሲዘምሩ ነበር። ክለቡም በኋላ በሌላ የሜዳ ውጪ ጨዋታ ነፃ ቲኬት ሰጥቷቸዋል። የአዲስ አበባው ደጋፊ ነፃ ማኪያቶም አላገኘም፤ በማግሥቱ ሥራ ቦታ ምን እንደጠበቀው ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት

ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ 17ኛ ደረጃ። የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። በሦስት ወር ያልተሠራው በሦስት ቀን ተሠራ። ማክሰኞ ከሞናኮ ደቡብ ኮሪያዊው አጥቂ ፓርክ ቹ ያንግ መጣ፤ ትራኦሬ ወደ ኪው.ፒ.አር. ተሸኘ። ረቡዕ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ፐር ሜርቴሳከር ከቨርደር ብሬመን፣ አንድሬ ሳንቶስ ከፌነርባቼ፣ ሚኬል አርቴታ ከኤቨርተን፣ ዮሲ ቤናዩን በውሰት ከቼልሲ። በእንግሊዝ ከምሽቱ 11 ሰዓት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የአርቴታ ጉዳይ ሲበላሽ ሲጠገን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በመቆየቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሥር ያደረ ደጋፊ ጥቂት አልነበረም።

ሜርቴሳከር የፋብሪጋስን ቁጥር 4፣ አርቴታ የናስሪን ቁጥር 8 ለበሱ። ብዙ ሰው ሳቀ። አንዱ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ዘገምተኛ ተከላካይ፤ ሌላው 29 ዓመቱ፣ ለስፔን ብሔራዊ ቡድን አንድም ጊዜ ያልተሰለፈ። በድንጋጤ የተደረገ ግዢ ተባለ፤ ነበርም። ወዲያው ደግሞ አልሠራም። ሴፕቴምበር ላይ በብላክበርን 4 ለ 3 ተሸነፉ፤ ሁለቱን ያገቡት የራሳቸው ተጫዋቾች ናቸው።

ግን ቀስ በቀስ ቆመ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ 5 ለ 3፤ ቫን ፐርሲ ሦስት፣ ሳንቶስ አንድ። ፌብሩዋሪ ላይ ቶተንሃምን ከ2 ለ 0 ተነስቶ 5 ለ 2። ፓርክ ቹ ያንግ በሊጉ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀይሮ ከመግባት ያለፈ አልፈየደም፤ የቁጥር 9 ማሊያ ጣጣ ይሉታል የሰፈር ደጋፊዎች። አምበሉ ቫን ፐርሲ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጎዳ ከርሞ በዚያ ዓመት አልተጎዳም፤ በሊጉ 30 ግብ አገባ። ይህ የሆነው በዕቅድ ነው የሚል ካለ ይንገረን፤ ሰውየው በኖቬምበር ቢጎዳ ኖሮ ዛሬ የሚወራው ሌላ ነበር።

ሜይ 13 ቀን 2012 የመጨረሻው ጨዋታ ዌስት ብሮም ላይ ነበር። ሦስተኛ ለመሆን ማሸነፍ የግድ ሆነ፤ ቶተንሃም ከኋላ ነው። አርሴናል 3 ለ 2 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ቤናዩን፣ ሁለተኛውን ሳንቶስ፣ ሦስተኛውን ኮሺዬልኒ አገቡ። ከሦስቱ ሁለቱ በዚያች ሌሊት የመጡ ናቸው። 70 ለ 69፤ በአንድ ነጥብ ሦስተኛ። የዚያች ነጥብ ዋጋ የታየው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ቼልሲ በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን በአራተኛነት የጨረሰው ቶተንሃም ከቻምፒየንስ ሊግ ውጪ ሆነ። ክሊሺና ናስሪ ደግሞ በዚያው ሜይ 13 በሲቲ ማሊያ የሊጉን ዋንጫ አነሱ።

የተሳቀባቸው ሁለቱ ሰዎች ከማንም በላይ ቆዩ። በ2014 አርሴናል ሃልን 3 ለ 2 አሸንፎ የዘጠኝ ዓመቱን የዋንጫ ረሃብ ሲሰብር አርቴታ አምበል ነበር፣ ሜርቴሳከር ከኋላ። ሜርቴሳከር በ2018 የክለቡን የታዳጊዎች አካዳሚ ሥራ ያዘ፤ አርቴታም በዲሴምበር 2019 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ፋብሪጋስ በ2014 ከባርሴሎና ሲወጣ አርሴናል ቅድሚያ የመግዛት መብት እያለው አልፈልግም አለ፤ ልጁ ቼልሲ ገብቶ ሁለት ጊዜ ሊጉን አነሳ። ካፌ ውስጥ ይህኛው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

በ2012 ክረምት ደጋፊው በዚያ በ30 ግብ ተማምኖ ወረቀቱን ዘረጋ። ግብ ጠባቂ ሼዝኒ፣ በመሐል ተከላካይ ቬርማለንና ሜርቴሳከር፣ አማካይ አርቴታ፣ አጥቂ ቫን ፐርሲ። ጁላይ 4 ቀን ቫን ፐርሲ ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው እንደማያድስ አስታወቀ። ኦገስት ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ።